ፈታይዋ ትርንጎና የሰባቱ አጥቢያ የኔታዎች

ጥንት ነው። የአያቶቻችን አያቶች ገና ጥርስ ሳያበቅሉ፣ ይህ ከኋላችሁ የቆመው ጥድ ዘር ሳለ፣ አጋም በር በሚባል አገር ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። እናንተ ልጆቼ፣ ንባብ ማስተማርን ልትሠለጥኑ ከየወረዳው መጥታችኋል፤ መምህሩም ርእሰ መምህሩም። ነገ ወረቀትና እርሳስ ይሰጧችኋል። ዛሬ ማታ ግን የእርሷን ነገር ስሙ።

ትርንጎ ፈታይ ነበረች። ባሏ ሞቷል። ልጅ አልወለደችም። መሬት የላትም። ያላት አንዲት ላም፣ አንድ እንዝርትና ሁለት ጆሮ ነበር። ጆሮማ ሁላችን አለን ትሉ ይሆናል። ቆዩ፣ ትደርሱበታላችሁ።

አጋም በር ከገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች መንደር ናት። ከላይ ደጋ፣ ከታች ቆላ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን የኔታ ቢሰውር ፊደል ያስቆጥሩ ነበር። ትምህርት ቤቱ አንድ የወይራ ጥላና የእሾህ አጥር ነው። ከአጥሩ ውጭ የጠዋት ፀሐይ ቀድማ የምትደርስበት አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ትርንጎ እዚያ ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች። ከውስጥ ሃያ ሁለት ልጆች «ሀ ሁ ሂ ሃ» ይላሉ። እንዝርቷ ይዞራል፤ ትርንጎ ትሰማለች። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሰማች።

አንድ ቀን ነፋስ ከአጥሩ ውስጥ አንዲት የተቀደደች ብራና ይዞ መጣ። ጥጧ ላይ አረፈች። የፊደል ገበታ ቁራጭ ናት፤ ራስጌዋም ግርጌዋም የለም። ትርንጎ ያዘቻት። ወደ ቤቱ የሚሄደውን ልጅ ሁሉ «ይህች ማን ናት?» እያለች መጠየቅ ጀመረች። ልጁ ብራናዋን ያያል። «ሀ ሁ ሂ» ብሎ ከመጀመሪያው ይነሣል። ግን ብራናዋ መጀመሪያ የላትም፤ ስለዚህ ግራ ይገባዋል። ሁለተኛው ልጅም እንዲሁ። ሦስተኛውም እንዲሁ። ያኔ ትርንጎ በልቧ፦ እነዚህ ልጆች መንገዱን እንጂ ቤቱን አያውቁትም አለች። መንገዱን ከጫፍ ካልጀመሩት አይደርሱም።

እርሷ ግን ከአንዱ አንዲት፣ ከሌላው አንዲት እየለቀመች፣ የሰማችውን ድምፅ ካየችው ቅርጽ ጋር እያገናኘች ቀስ በቀስ ማንበብ ቻለች። ለማንም አልተናገረችም። ለማን ትንገር? ሴት ናት፤ ድኻ ናት፤ ፈታይ ናት።

በዚያን ዘመን አንድ በጋ ጠና። ደጋው ላይ ሣሩ አለቀ። የአጋም በር ሰዎች ከብቶቻቸውን ወደ ቆላው ሜዳ ሊያወርዱ ተዘጋጁ። ሊነሡ አንድ ቀን ሲቀራቸው አንድ መንገደኛ ነጋዴ ደብዳቤ አምጥቶ ደርሶ ለሚባሉት ጭቃ ሹም ሰጣቸው። ጭቃ ሹም ደርሶ የመንደሩ አስተዳዳሪ ናቸው። ነጋዴው የሚያውቀው ደብዳቤው ከቆላው ሹም መላኩን ብቻ ነበር፤ ሰጥቶ መንገዱን ቀጠለ።

የኔታ ቢሰውር ለቀብር ርቀው ሄደዋል። ጭቃ ሹም ደርሶ ዳዊት የደገሙትን ሦስት ልጆች ከትምህርት ቤቱ አጥር ደጃፍ ጠሩ። የመጀመሪያው ደብዳቤውን አየና አንገቱን ደፋ። ሁለተኛውም አየና አንገቱን ደፋ። ሦስተኛው፣ ዘርፉ የሚባለው፣ ዳዊት በደገመበት ቀን አባቱ ሰንጋ ጥሎ የደገሰለት ነው። እርሱ አንገቱን መድፋት አልቻለም። ወረቀቱን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ ያዘና፦

«ሰላምታ ነው። እንደምን ከረማችሁ ይላል» አለ።

ትርንጎ ድንጋይዋ ላይ ነበረች። ወረቀቱ ከፀሐይ ፊት ሲቆም ቀለሙ ከጀርባ በኩል ታያት። ፊደሉ ተገልብጧል። ግን አንዲት ቃል ከሌሎቹ ደምቃ ተጽፋለች። ትርንጎ አገላብጣ አየቻት። «አትውረዱ» ትላለች።

 አፏን ከፈተች። ከዚያ ሰዉን አየች። ጭቃ ሹሙን አየች፤ የዘርፉን አባት አየች፤ እንዝርቷን አየች። አንቺ ማነሽ አለች ለራሷ። ዳዊት የደገመ ሰላምታ ነው ሲል፣ አንቺ ጥጥ የምትፈትይ ምን ልትዪ ነው? ደግሞ ተሳስተሽ ቢሆንስ? አፏን ዘጋች።

በማግስቱ መቶ አርባ ከብት ወረደ። ትርንጎ ግን ላሟ እግሯን ታማለች ብላ አስቀረቻት።

በወሩ ሠላሳ አንድ ተመለሰ። የቀረው ሁሉ በቆላው በሽታ አለቀ። የኔታ ቢሰውር እስከ አርባው ቆይተው ከቀብር ሲመለሱ ደብዳቤውን አነበቡት። «ከብት ይዛችሁ አትውረዱ፤ ሜዳው ታሟል፤ የእኛ ላሞች በሦስት በሦስት ቀን እያለቁ ነው» ይላል። የኔታ አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱን አጥፈው በእጃቸው ያዙት፤ የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው።

የትርንጎ ላም በደኅና ትታለብ ነበር። ትርንጎ ግን ያንን ወተት ከጉሮሮዋ ማውረድ አቃታት። ጠዋት ታልበውና ላም ለሞተባቸው ጎረቤቶች ልጆች ታድለዋለች። ማታ ታልበውና ታድለዋለች። ወተቱ አለቀ፤ ሸክሙ አላለቀም። በአንድ እሑድ፣ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ፣ ከጭቃ ሹሙና ከየኔታ ፊት በጉልበቷ ተንበረከከች።

«ያን ቀን ቃሉን አይቼው ነበር» አለች። «አትውረዱ ይል ነበር። ፈርቼ ዝም አልኩ። ላሜን ግን አስቀረሁ።»

ሰዉ ጮኸ። አንዲት ሴት የትርንጎን ነጠላ ቀምታ መሬት ላይ ጣለች። አንዱ ከአገር ትውጣ አለ። ጭቃ ሹም ደርሶ እጃቸውን አነሡና ሰዉ ዝም አለ።

«ትርንጎ» አሉ፣ «ብትናገሪ እናምንሽ ነበር?»

  መልሱን ሁሉም ያውቀዋል። በዚህ ነገሩ በረደ። ግን የኔታ ቢሰውር ከቦታቸው አልተነሡም። ሁሉም ሲበታተን እርሳቸው ትርንጎን ጠርተው፦

«አንቺ እንዴት አነበብሽው? ተማሪዎቼ እንዴት አቃታቸው?» አሉ።

ትርንጎ ስለ ተቀደደችው ብራና ነገረቻቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «ነገ ነዪ። ከአጥሩ ውጭ ሳይሆን ከውስጥ ተቀመጪ» አሏት።

በማግስቱ ከውስጥ ተቀመጠች። ልጆቹ ተራ በተራ አነበቡ። እንዝርቷ ይዞራል፤ ትርንጎ ትሰማለች። ቀኑ ሲያልቅ የኔታ «እህሳ?» አሉ።

«ከሃያ ሁለቱ አራቱ ያነባሉ» አለች። «የቀሩት ያዜማሉ።»

«ዳዊት የደገሙትም?»

«እነርሱ አሳምረው ያዜማሉ፣ የኔታ።»

የኔታ ቢሰውር ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው። ሊቆጧት ይችሉ ነበር። ተነሥተው አንድ ልጅ ጠሩ፤ ዳዊቱን ገለጡ፤ መስመሩን በመዳፋቸው ሸፍነው አንዲት ቃል ብቻ በጣቶቻቸው መካከል አሳዩት። ልጁ ዝም አለ። ሌላ ጠሩ። ዝም አለ። አሥራ ስምንት ልጅ ጠሩ። ከዚያ በኋላ የኔታ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ረጅም ጊዜ ተቀመጡ።

ከልጆቹ ሁሉ የባሰው ጓንጉል የሚባለው የአንጥረኛው ልጅ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከ«ሀ» ቤት አልወጣም። ዱላ የማያርፍበት ቀን የለም። ትርንጎ በአንድ ቀትር ከብት ወደሚጠጣበት ኩሬ ወሰደችው።

«ያቺ ላም የማን ናት?» አለችው።

«የጭቃ ሹሙ።»

«በምን አወቅህ?»

«ታፋዋ ላይ መስቀልና ቀለበት ተተኩሷል።»

«ያቺኛዋስ?»

«ሁለት ሰንበርና ነጥብ ያላት የየኔታ ናት። ይህ ደግሞ የእመት አንጓች ወይፈን ነው፤ ቀለበቱ ወደ ግራ ተሰብሯል።»

ትርንጎ ተቀመጠች። በጣቷ አፈሩ ላይ «ላ» ብላ ጻፈች። አጠገቧ «ም» ብላ ጻፈች። «ይህችኛዋን ላ በላት፤ ይህችኛዋን ም በላት። ልክ እንደ ላሞቹ ምልክት ናቸው። አሁን አብረህ ጥራቸው» አለችው።

ጓንጉል አየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «ላ… ም» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ ኩሬው ዳር የቆመችውን ላም አየ፣ አፈሩንም አየ።  በመጨረሻ በቀስታ «ሌላ ጻፊልኝ» አለ።

ትርንጎ ያን ቀን አፈሩን እስከ ማታ ጻፈችበት። የኔታም በማግስቱ የሚያውቁትን ቃል እየጻፉ አስነበቡ። በሬ፣ ማሣ፣ እናት። አንዲት ፊደል ከፊት፣ አንዲት ከኋላ፣ አንዲት ከመካከል እያነሡ ጠየቁ። ዓመት ሳይሞላ ሃያ ሁለቱም አነበቡ።

ይህ ነገር በሰባቱ አጥቢያ ተሰማ። ስድስቱ የኔታዎች «ቢሰውር ምን አግኝቶ ነው?» ተባባሉ። በክረምቱ፣ ልጆቹ ለአረም ወደየቤታቸው ሲሄዱ፣ የኔታ ቢሰውር ጠሯቸውና መጡ። ጥምጥማቸው ነጭ፣ ጥላቸው ትልቅ። ወይራው ሥር ተቀመጡና «መምህሩ የታለ?» አሉ።

የኔታ ቢሰውር ትርንጎን አሳዩአቸው።

ከስድስቱ አንዱ የኔታ ስሙር ይባላሉ። ድምፃቸው ወንዝ ይሻገራል፤ ዱላቸውም እንዲሁ። «እኔ አርባ ዓመት የተማርኩትን ፈታይ ልታስተምረኝ?» ብለው ሊነሡ ሲሉ፣ ትርንጎ አጎንብሳ እጅ ነሣችና፦

«ፊደል አላስተምርዎትም፣ የኔታ፤ ፊደሉን እርስዎ ያውቁታል። የማውቀው ጥጥ ነው» አለች።

ለእያንዳንዳቸው አንድ እንዝርትና አንድ እፍኝ ባዘቶ ሰጠቻቸው። «ፍተሉ» አለች። እነርሱም ሳቁ። ጨዋታ መስሏቸው ጀመሩ። እንዝርቱ ይወድቃል። ክሩ አንድ ቦታ እንደ ገመድ ይወፍራል፣ አንድ ቦታ ይሳሳል፣ ይበጠሳል። ትርንጎ ከኋላቸው ቆማ «ቶሎ! ቶሎ! ያንተ ታናሽ ፈትሎ ጨርሷል! ጆሮ የለህም? ትናንት ነግሬህ የለ?» እያለች ጮኸች። ትናንት ምንም አልነገረቻቸውም። መጀመሪያ ፈገግ አሉ። ቀጥሎ ፈገግታቸው ጠፋ። ቀጥሎ ላብ መጣ። የኔታ ስሙር ክራቸው ለስድስተኛ ጊዜ ሲበጠስ እንዝርቱን አንሥተው ወረወሩት።

ትርንጎ ሄዳ አነሣችው። አፈሩን አራገፈችና መልሳ ከጉልበታቸው ላይ አኖረችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦

«እርስዎ ወረወሩት፣ የኔታ። ልጁ ግን መወርወር አይችልም» አለች።

 ዝናብ ማካፋት ጀመረ፤ ማንም ጥላውን አልዘረጋም።

ከዚያ ትርንጎ መካከላቸው ተቀመጠች። «አሁን እኔ ልፍተል፣ እናንተ እጄን እዩ» አለች። ፈተለች። «አሁን አብረን እንፍተል» አለች። እጇን በእጃቸው ላይ አድርጋ ፈተለች። «አሁን እናንተ ፍተሉ፣ እኔ ልይ» አለች። ሲበጠስባቸው አልተናገረችም፤ ሁለቱን ጫፍ አገናኝታ በጣቷ አሸት አድርጋ ቀጠለችላቸው። ማታ ሲሆን እያንዳንዱ የኔታ አንድ ክንድ የሚሆን ጎባጣ ክር ነበረው። ጎባጣ ነው። ግን ክር ነው።

አሥር ቀን ተቀመጡ። ጠዋት ይፈትላሉ፤ ከሰዓት በኋላ የመንደሩን ልጆች አምጥተው ያስነብባሉ። አንዱ ያስተምራል፣ አምስቱ ያያሉ፤ ማታ ያዩትን ይነጋገራሉ። መጀመሪያ መናገር ይፈራሉ፤ ኋላ ላይ መተው አቃታቸው። ለእያንዳንዱ ልጅ መጀመሪያ እኔ፣ ቀጥሎ አብረን፣ ቀጥሎ አንተ ማለትን ለመዱ። ከሁሉ በላይ ግን የከበዳቸው መስማት ነበር። የኔታ ስሙር ልጅ ቃል ሲይዘው ራሳቸው ይናገሩታል። ትርንጎ በጣቷ ከንፈሯን ነካ ታደርጋለች። የኔታ ዝም ይላሉ። እንደገና ይናገራሉ። እንደገና ከንፈሯን ትነካለች። በዘጠነኛው ቀን ዝም ብለው ጠበቁ፤ ልጁም ቃሉን ራሱ ደረሰበት። የኔታ ስሙር ፊታቸውን ወደ ዛፉ አዞሩ። ከዚያ ወዲያ ትርንጎን «እትዬ» እያሉ ጠሯት።

ክረምቱ አለፈና ሁሉም ወደየአጥቢያቸው ሄዱ። ሰው ግን እንደምታውቁት ነው። ሲሠለጥን ይገባዋል፤ ቤቱ ሲደርስ የድሮው ልማድ ከበር ቆሞ ይጠብቀዋል። ትርንጎ ይህን ታውቃለች። ስለዚህ በሳምንት በሳምንቱ ባዘቶዋን በቁና አዝላ በእግሯ ወጣች። አንድ ሳምንት አንዱ አጥቢያ፣ ሌላ ሳምንት ሌላው አጥቢያ። ከልጆቹ ኋላ ትቀመጣለች። እንዝርቷ ይዞራል፤ ትርንጎ ትሰማለች። በልጆቹ ፊት መምህሩን አታርምም። ልጆቹ ሲሄዱ ግን ትጠጋለች። አንድ ጊዜ የኔታ ስሙር ዘንድ ስትደርስ ዱላው ተመልሶ ነበር። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ፦

«የኔታ፣ ዛሬ ስንቴ ክሩ ተበጠሰ?» አለች።

አሰቡ። «ሰባቴ» አሉ።

«ስንቱን ቀጠሉት?»

«ሁለቱን።»

«ነገ ሦስቱን ይቀጥሉ» ብላ ባዘቶዋን አዝላ ሄደች። ስትመለስ ዱላው አጥሩ ላይ ልብስ ማስጫ ሆኖ አገኘችው።

አራት ዓመት እንዲህ ሆነ። ከዚያ ወሬው አለቃ ዘድንግል ዘንድ ደረሰ። አለቃ ዘድንግል የትልቁ ደብር አለቃ፣ የሰባቱም አጥቢያ ትምህርት የበላይ ነበሩ። ሽማግሌ ናቸው፤ የሚፈሩ ናቸው። ወሬ አቀባዩ «አንዲት ፈታይ የኔታዎችን ታስፈትላለች፤ በእግዚአብሔር ፊደል በሬና ላም ታስጽፋለች፤ ደግሞም ሰው ሲያነብና ሲሸመድድ በጆሮዋ እለያለሁ ትላለች፤ ይህ ያለ ጥንቆላ አይሆንም» አላቸው። አለቃ ለመስከረም ማርያም ሰባቱም የኔታዎች ከልጆቻቸው ጋር፣ ፈታይቱም ጭምር፣ ደብሩ ግቢ እንዲቀርቡ አዘዙ። ልጆቹ ያላዩትን ማንበብ ካቃታቸው የኔታዎቹ ከመምህርነት ይሻራሉ። የእርሷ ነገር ጥንቆላ ከሆነ ደግሞ ከአገር ትወጣለች።

ቀኑ ደረሰ፤ ግቢው ሞላ። ጭቃ ሹሞቹ መጥተዋል፤ የልጆቹ እናቶች አጥሩ ላይ ተንጠልጥለዋል። አለቃ ከትልቁ ዙፋን ወንበራቸው ላይ ሆነው፣ እዚያው በሰዉ ፊት፣ ለጸሐፊያቸው አንድ ነገር አስጻፉ። ጸሐፊው ጽፎ ለልጆቹ ሰጠ።

መጀመሪያ የቀረበው ከየኔታ ስሙር አጥቢያ የመጣ፣ ካሣዬ የሚባል ልጅ ነበር። ስለ አንዲት በቅሎ ነው የተጻፈው። ካሣዬ ጣቱን ከቃል ቃል እያሻገረ አነበበ። በቅሎዋ ወንዝ ደረሰች። ባለቤቷ ጎተታት። እርሷም… ካሣዬ ቆመ። ቃሏ ረጅም ናት፤ ይዛዋለች።  የኔታ ስሙር ጡጫቸውን ጨበጡ። ቃሏ ከምላሳቸው ጫፍ ላይ ናት። ማዕረጋቸውም፣ የዓመት ቀለባቸውም በእርሷ ላይ ተንጠልጥሏል። ዝም አሉ። ካሣዬ ጣቱን ወደ ኋላ መለሰ። ከፋፈላት። «አል… ሻ… ገ…» አለ። «አልሻገርም!» አለ። ከዚያ ወደ ፊት አነበበ፤ በቅሎዋ ባለቤቷ አዝሎ ያሻግራት ዘንድ ወንዙ ዳር ተኝታ ጠበቀች የሚለው ላይ ሲደርስ ልጁ ራሱ ሳቀ። እናቶቹም ከአጥሩ ላይ ሳቁ። የሸመደደ ልጅ በሚያነበው አይስቅም፤ ይህን ያን ቀን ግቢው ሁሉ አወቀ።

ሌሎቹም ቀረቡ። ሌሎቹም አነበቡ።

አለቃ ዘድንግል «ልጆቹ አንብበዋል፤ የኔታዎቹ በማዕረጋቸው ይጽኑ» አሉ። «አሁን የቀረችው ፈታይቱ ናት። አንቺ፣ ቅረቢ።»

ትርንጎ ቀረበች።

«እኔ ከዳዊት ሁለት መዝሙር እላለሁ» አሉ። «አንዱን አነብበዋለሁ፤ አንዱን በቃሌ እለዋለሁ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ንገሪኝ። ለይተሽ ደግሞ በምን እንደለየሽው አስረጂ። ማስረዳት ካቃተሽ ጥንቆላ ነው።»

መጽሐፋቸውን ገለጡ። አንድ መዝሙር ደረሱ። ገጽ አገላበጡ። ሌላ መዝሙር ደረሱ። ድምፃቸው ያምራል። ትርንጎ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ያን ቀን እጇ ላይ እንዝርት አልነበረም።

የሚያነብ ሰው ከመስመር ወደ መስመር ሲሻገር ትንሽ ይተነፍሳል፤ ዓይኑ ቦታውን ይፈልጋልና። ከባድ ቃል ሲመጣም ድምፁ ቀድሞ ይጠነቀቃል። በቃሉ የሚል ግን የሚያርፈው ዜማው በሚያርፍበት ብቻ ነው። ትርንጎ የመጀመሪያውን ሰማች። ሁለተኛውን ሰማች። ከዚያ ዓይኗን ገለጠችና የአለቃን ዓይኖች አየች። ወደ መጽሐፉ ያያሉ፤ ግን የትም አያርፉም።

ሁለቱም በቃል ነበሩ። አለቃ ማንበብ አይችሉም። ዓይናቸው ጠፍቷል።

እንግዲህ ምን ታድርግ? እውነቱን ጮክ ብላ ብትናገር ሽማግሌውን በአገር ፊት ታዋርዳለች። አንዱን መርጣ ብትዋሽ ጆሮዋ የሚያውቀውን ትክዳለች። ዝም ብትል ደግሞ፣ ዝም ማለት ምን እንደሚያስከፍል እርሷ ታውቃለች።  ወደ ወንበሩ ተጠጋችና ተንበረከከች።

«ጌታዬ፣ መልሱን ለእርስዎ ብቻ ልናገር» አለች።

አለቃ ጆሯቸውን ዝቅ አደረጉ። ትርንጎ በሹክሹክታ፦

«ሁለቱንም በቃልዎ ነው ያሉት። ዓይንዎ ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው?» አለች።

 ሰዉ ይጠብቃል። ንፋስ ገጹን ገለበጠው፤ አለቃ አላዩትም። በመጨረሻ ቀና ብለው «ለይታለች። አስረድታኛለችም። ዕውቀት ነው፤ ሂዱ» አሉ። ሰዉም ደስ ብሎት ተበተነ፤ ምን እንዳለቻቸው ያወቀ አንድ ሰው አልነበረም። ትርንጎም ለማንም አልተናገረችም።

አለቃ ለምን እንዲያ ያለ ፈተና እንደፈተኗት አገሩ እስከ ዛሬ ይከራከራል። አንዳንዱ ሊያጠምዷት ነው ይላል። እኔ ግን ደክሟቸው ነበር እላለሁ። ሸክሙን የሚያወርድበት ያጣ ሰው፣ ሳይናገር የሚደርስበትን ሰው ይፈልጋል።

ሦስት ቀን አለፈ። በአራተኛው ቀን የአጋም በር ልጆች ወይራው ሥር እያነበቡ ሳለ አለቃ ዘድንግል በአንድ ዲያቆን ተመርተው መጡ። የኔታ ቢሰውር ደንግጠው ወንበራቸውን ለቀቁላቸው። አለቃ ወንበሩን በእጃቸው ዳሰው አለፉት። ልጆቹ መካከል አፈሩ ላይ ተቀመጡ። ካባቸው አቧራ ነካው።

«ስሙኝ» አሉ። «ስድስት ዓመት ሆነኝ ፊደል ካየሁ። አለቃ ነኝና አፍሬ ዝም አልኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ በመጽሐፍ ላይ ዓይኔን አድርጌ አታለልኳችሁ። ተማሪም እንዲህ የሚያደርገው እኔ እንዳፈርኩት አፍሮ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የሚያነብልኝ እፈልጋለሁ።»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከመካከላቸው ትንሹ፣ ፊደል ከቆጠረ ሁለት ወሩ የሆነው፣ ተነሥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። እየተንተባተበ አነበበላቸው። ዳዊትን በሙሉ በቃላቸው የሚያውቁት ሰው፣ ልጁ አንዲት ቃል እስኪደርስባት ድረስ ዝም ብለው ጠበቁ። ጨርሶ ቀና ሲል ጉንጩን ዳሰው፣ ግንባሩን አገኙና ሳሙት። ትርንጎ ከአጥሩ ጥግ ሆና አየች። ከከብቶቹ እልቂት ወዲህ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እፎይ ብላ ተነፈሰች ይባላል።

አለቃ ከመሞታቸው በፊት ሥርዓት ሠሩ፦ የሰባቱን አጥቢያ ትምህርት የሚመራ ሰው ሁሉ፣ ሥራውን በሚጀምርበት ቀን ከልጆቹ ጋር አፈር ላይ ይቀመጥ፤ ትንሹ ተማሪ ያንብብለት፤ ልጁ እስኪጨርስ ሹሙ አፉን አይክፈት። ትርንጎ ከእርሳቸው በኋላ ብዙ ዘመን ኖረች። በእግሯ መሄድ ሲያቅታት የኔታ ስሙር በቅሏቸውን ላኩላት። ስትሞት ሰባቱም አጥቢያዎች እኛ ጋ ትቀበር ብለው ተከራከሩ። በመጨረሻ አጋም በር ተቀበረች።

እስከ ዛሬ በዚያ አገር ልጅ ፊደሉን ሳያይ በዜማ ሲሮጥ እናቱ «ቆይ፣ ለትርንጎ አንብብ» ትለዋለች። ያኔ ልጁ ጣቱን ይመልሳል፣ ቃሏን ያያታል፣ ከዚያ ይላታል። አዲስ መምህር ሲመደብም «ትርንጎ ትስማህ» ብለው ይመርቁታል። ምርቃት ነው፤ ትንሽም ማስጠንቀቂያ አለበት።

የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ ከከተማ አንድ ርእሰ መምህር ተመደበ። ወጣት ነው፤ ሱፍ ለብሷል፤ ጫማው ያበራል። የመክፈቻው ቀን ሥርዓቱን ሲነግሩት ፈገግ አለና «ቆሜ እሰማለሁ» አለ። ትንሿ ተማሪ፣ ብርነሽ የምትባል፣ መጽሐፏን ገልጣ ቆመች። አላነበበችም። «አንብቢ እንጂ» አላት። ብርነሽ መጽሐፏን አየች፣ እርሱን አየች።  «ምን ሆንሽ? አቃተሽ?» አላት።

«አላቃተኝም፣ ጋሼ» አለች። «ገና አልተቀመጡም።»

ርእሰ መምህሩ ዙሪያውን አየ። ማንም አልሳቀበትም። ሱሪውን ከጉልበቱ ላይ ሳብ አደረገና አፈሩ ላይ ተቀመጠ። ብርነሽም አጠገቡ ተቀምጣ አነበበችለት።

እኔ ከሰማሁት ይህን አወረስኳችሁ። የጎደለውን እናንተ በሥራችሁ ሙሉበት፤ እኔ አፌን ልዝጋ፣ የእናንተ ጆሮ ክፍት ይሁን።